መቀሱን ማን ይያዝ?

ከወጣቶች ማኅበር ጋር በተነጋገርንበት በአንድ ምሽት አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «አካለ መጠን የደረሰ ሰው የሚያየውን ፊልም ራሱ ይምረጥን፣ ወይስ ባለ ሥልጣን ይምረጥለት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱ ግን በዚያ ምሽት አላለቀም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ጉዳዩን መቶ ዓመት ያህል የፈተነችውን አንዲት አገር እንመልከት። እርሷም ስዊድን ናት፤ ወንጌላውያን መልእክተኞቿ በ1866 ምጽዋ ስለ ደረሱ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለችም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በስዊድን የመንግሥት የፊልም መርማሪ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1911 ነው። ያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገና አዲስ ነገር ነበረና፣ ልጆች በጨለማ አዳራሽ ተሰብስበው ግድያና ስርቆት ሲመለከቱ ያዩ አስተማሪዎች ተጨነቁ፤ ጭንቀታቸውም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ስለ ልጆች የታሰበው ጥበቃ በአዋቂዎችም ላይ ተዘረጋ። ፊልም ሁሉ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት በመርማሪዎች ፊት ይቀርብ ነበር፤ እነርሱም የተመልካቹን ጠባይ ያበላሻል ያሉትን ክፍል ይቆርጡ፣ ወይም ፊልሙን በሙሉ ይከለክሉ ነበር። በ1912 ቪክቶር ሾስትሮም «አትክልተኛው» የሚባል ፊልም ሠራ፤ ስለ ተደፈረችና በመጨረሻ ስለ ሞተች አንዲት ልጃገረድ የሚናገር ነው። ይህም ተከለከለ። ፊልሙ ግፉን አላመሰገነም፤ አሳየው እንጂ። ስዊድናውያን ሊያዩት የቻሉት ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ቅጂው በአሜሪካ ሲገኝ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊያስተምረን የሚችለው ግን ቪልጎት ሾማን የሠራው «491» የተባለው ፊልም ነው። ስሙ የመጣው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ነው። ጌታ ለጴጥሮስ የነገረውን የይቅርታ ቁጥር ያባዛ ሰው 490 ያገኛል፤ እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በደል ምን ይሁን? ወንጀል የሠሩ ወጣቶች ለሙከራ በአንድ ቤት እንዲኖሩ ይደረጋል፤ አብሯቸው የሚኖረው ሰውም በደላቸውን ሁሉ ይቅር እንዲል ይጠበቅበታል። በፊልሙ ውስጥ የሚያስጸይፉ ነገሮች አሉ፤ ይህን ከእናንተ ልሰውር አልወድም። መርማሪዎቹ ከለከሉት፤ ጉዳዩ ወደ መንግሥት ቀርቦ በ1964 አንዳንድ ክፍሎቹ ተቆርጠው ተፈቀደ። ብዙ ክርስቲያኖችም ተቆጡ። በዚያው ዓመት በስዊድን የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ ሲመሠረት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ቁጣ ነበር።

ቁጣቸው ይገባኛል። እኔም ብሆን ምናልባት ከእነርሱ ጋር እሰለፍ ነበር። ነገር ግን ይቅርታ ወሰን አለውን የሚለው ጥያቄ የእኛው ጥያቄ አይደለምን? እሑድ ከመስበኪያው ሥር ተቀምጦ ይህን ሊሰማና ሊመዝን የሚችል የተባለ ሰው፣ ሰኞ ማታ በሲኒማ ቤት እንደ ሕፃን የሚቈጠርበት ምክንያት አልታይህ ብሎኛል። መርማሪዎቹም እኮ የተቈረጠውን ሁሉ በዓይናቸው አይተውታል፤ ስላዩት ግን ጠባያቸው ተበላሽቶ ከሥራ ይውጡ ያለ የለም። ታዲያ እነርሱ አይተው የሚመዝኑበት ሕሊና ለሌላው ሰው አልተሰጠውምን? ሚዛናቸውም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። ይህ መሥሪያ ቤት በ1963 የሉተራን ቄስ ልጅ የሆነው ኢንግማር በርግማን የሠራውን «ዝምታ» የተባለ ፊልም ሳይቈርጥ አሳልፎ፣ አገሩ በሙሉ ተከራክሮበታል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ይታይ ማለት ነውን? አይደለም። ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክት ምዕራፍ 10 የተፈቀደውን ከሚጠቅመው ይለያል፤ የሚለየውም ለእያንዳንዱ ሰው ሕሊና እየተናገረ ነው። መምረጥ ማለት መተውም ነው። የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ገብቶ፣ ነገሩ ነፍሱን እንደሚያጎድፍ ባየ ጊዜ በሰው ፊት ተነሥቶ የሚወጣ ሰው መርጧል፤ ፊልሙ ስለ ተከለከለ ብቻ ያላየው ግን ገና አልመረጠም። ደግሞም ፊልሙ ሲሠራ በሰው ላይ ወንጀል ከተፈጸመ፣ ይህ የተመልካች ምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ የዳኛ ጉዳይ ነው።

በስዊድን መቀሱ ቀስ በቀስ ሥራ ፈታ። ለአዋቂዎች በሲኒማ ቤት ከሚታዩት ፊልሞች መጨረሻ የተቈረጠው በ1990ዎቹ አጋማሽ የማርቲን ስኮርሴዚ «ካሲኖ» ነው። ከጥር 1 ቀን 2011 ጀምሮም ለአዋቂዎች የሚታይ ፊልም አስቀድሞ መመርመሩ ቀረ። ዛሬ ፊልም በኪሳችን በያዝነው ስልክ ስለሚመጣ፣ መቀሱ ቢኖርም ኖሮ ብዙ ባልደረሰ ነበር።

የልጆቹ ጥበቃ ግን አልተሻረም፤ ይህንም ወላጆች ልብ እንድትሉት እወዳለሁ። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ለሆነ የሚታይ ፊልም ዛሬም አስቀድሞ ተመርምሮ ለሁሉ፣ ከ7፣ ከ11 ወይም ከ15 ዓመት ጀምሮ ተብሎ ይመደባል። ከ11 ዓመት ጀምሮ የተባለውን ፊልም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅም ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን ብቻውን አይገባም፣ አንድ አዋቂ አብሮት ሊገባ ግድ ነው። አዋቂውም ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ፊልሙን ያያል፤ ልጁ በጨለማው ውስጥ እጅጌውን ስቦ «ለምን እንዲህ አደረገው?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልስለት እርሱ ነው።