ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ አያያዝ

ብዙዎቻችን አገር ቤት መንዳት የተማርነው በእጅ ማርሽ መኪና ነው። እዚህ ጂዳ ግን ገንዘብ አዋጥተን የምንገዛቸው አሮጌ መኪናዎች ሁሉም ማለት ይቻላል አውቶማቲክ ናቸው። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ስለሌለ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ካምቢዮው ከተበላሸ የጥገናው ሒሳብ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል፤ ይህም በተማሪ ኪስ መኪናውን መጣል ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘይቱን እንመልከት። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከማለስለስ ሌላ የሞተሩን ጉልበት ያሻግራል፣ በግፊቱ የውስጥ ፍሪሲዮኖችን እያጠበቀና እያላላ ማርሽ ይቀይራል፣ ሙቀትንም ይሸከማል። ስለዚህም ዘይቱ ሲጎድል ወይም ሲቃጠል ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ይላል፤ ወይም ማርሽ ካስገባን በኋላ ዘግይቶ፣ ያውም በድንገት ገፍትሮ ይነሣል።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ዘይቱ ደኅና የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከ120 በላይ እየተመላለሰ ሲግል ይጠቁራል፤ የላስቲክ ማሸጊያዎችንም ያደርቃል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ዘይቱ የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ በኩል ስለሆነ፣ ራዲያተሩን ችላ ያለ ሰው ካምቢዮውንም ችላ ብሏል። በበጋ አምስት ሰው ጭነን ከባሕር ጠረፍ ወደ ጣኢፍ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ የሐዳን ዳገት ስንወጣ ማርሹ ወዲያና ወዲህ እንዳይዋልል ዝቅተኛው ላይ መያዝ ይበጃል። ስንወርድም እንዲሁ፤ ፍሬኑም ያርፋል። ዳገት ላይ ቆሞ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በነዳጅ መያዝ ግን ዘይቱን መቀቀል ነው።

ዘይት መለኪያ ዘንግ ባላቸው በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ፣ ማርሹ ‹ፒ› ላይ ሆኖ ነው። አንዳንዶቹ ሞተር ጠፍቶ ይለካሉ፣ ብዙዎቹ አዲሶች ደግሞ ዘንግ የላቸውም፤ መመሪያውን ማየት ነው። ጤናማው ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ አርጅቷል። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታልና አንድ እርምጃ እንኳ አትንዱት። ሲጨመርም ‹ቀይ ነው› ተብሎ የተገኘው ሁሉ አይጨመርም፤ ዓይነቱ በመመሪያው ተጽፏል። ዘይቱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ ሙቀት 60,000 ኪሎ ሜትር ባያልፍ እንመርጣለን።

ወደ ኋላ ከማስገባታችሁ በፊት መኪናው ፈጽሞ ይቁም። ስታቆሙም አስቀድሞ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ‹ፒ›።

አገር ቤት ባትሪ ሲደክም ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ገፍቶ ያስነሣል። አውቶማቲክ ግን በግፊያ አይነሣም፤ የዘይቱን ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተር ካልተነሣ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ የዘይት ግፊት የለም። በገመድ ሩቅ መጎተትም በዚሁ ምክንያት ካምቢዮውን ያለ ዘይት ያስፈጨዋል። መኪናው መንገድ ላይ ከቀረ ሙሉ በሙሉ የሚጭን መኪና ጥሩ፤ ካልተገኘም ጉልበት የሚደርሳቸው ጎማዎች ከመሬት ይነሡ።