የአባትዎ መድኃኒት «አልቋል» ሲባል

በደባርቅና በዳባት አካባቢ አረጋዊ የሚጦረው በአብዛኛው በልጆቹ ቤት ነው፤ እንደ አዲስ አበባው መቄዶንያ ያለ ማዕከል እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የአረጋውያን መድኃኒት ይሰረቃል ከተባለ መጀመሪያ የሚታየው የጤና ጣቢያው መጋዘንና የማደያው መስኮት ነው።

«አልቋል» መባሉ ብቻውን ስርቆት አይደለም። አቅርቦት ይዘገያል፣ መንገድ ይዘጋል፣ በጀት ያልቃል። የሚያጠራጥረው መስኮቱ ላይ የለም የተባለው የመንግሥት መድኃኒት ከግል መደብር ሲገኝ ነው፤ ወይም 60 ፍሬ ተሰጠ ተብሎ ተመዝግቦ እጅዎ የገባው 30 ሲሆን። ከሊማሊሞ በታች ባለው ቆላ ደግሞ በነጻ ለሚታደለው የወባ መድኃኒት ገንዘብ ከተጠየቀ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም።

ከአቤቱታው በፊት ግን ሕመምተኛው ይቅደም። የስኳርና የግፊት መድኃኒት መቋረጥ የለበትምና ከሌላ ቦታ ይግዙ፤ ደረሰኝ ያስቆርጡ።

ማዘዣው መስኮቱ ላይ ሊቀር ስለሚችል ከመስጠትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የጤና መድህን አባል ከሆኑ «የለም» የሚለውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ማታውኑ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የታዘዘውንና የተሰጠውን ብዛት፣ የተባሉትንም ቃል በቃል ይመዝግቡ። ማሸጊያው ካለ የባች ቁጥሩን አይተዉ።

ባለሙያውን ገበያ ላይ አይጋፈጡ። ከተማው ትንሽ ነው፤ የአክስትዎ ልጅ የክርስትና አባት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በማመልከቻውም ላይ «እገሌ ሌባ ነው» አይበሉ፤ የጎደለውን ቁጥር ይጻፉ። ጥያቄዎ የተወሰነ ይሁን፦ የዚያ ሰሞን ገቢ ሞዴል 19፣ ወጪው ሞዴል 22፣ የመጋዘኑ ቢን ካርድና የማዘዣዎቹ ክምር ይመሳከሩ። አይቻልም ካሉ፣ መድኃኒትን ኦዲት በሚደረግበት መንገድ የማስተዳደሩ አሠራር የተጀመረው እዚሁ ክልል፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መሆኑን ያስታውሷቸው።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ለተቋሙ ኃላፊ ያስገቡ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ማህተም ያድርግበት። የሚጠረጠረው ኃላፊው ከሆነ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ መልስ ከጠፋ ደባርቅ ወዳለው የዞኑ ጤና መምሪያ ይሂዱ። የመንግሥት መድኃኒት ሲቸበቸብ ካዩ ለፖሊስ፣ እንዲሁም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻው መስመር 8482 ይደውሉ።

አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለጠቋሚዎች ጥበቃ ቢሰጥም የተዘጋጀው ለከባድ ወንጀሎች ነው። ለአንድ ካርቶን ጉድለት በእሱ አይተማመኑ፤ ስምዎ እንዳይገለጽ አስቀድመው ይጠይቁ። «እያጣራን ነው» ከተባሉ የሚያጣራው ማን እንደሆነና የመልሱን ቀን ቅጂዎ ላይ ያስጽፉ።