ከመሸፈን በፊት ማድረቅ፦ ስለ አሮጌ የድንጋይ ሕንጻ ጣሪያ እድሳት

በየቁምስናዎቻችን ከሚገኙት ሕንጻዎች ብዙዎቹ አባቶቻችን በድንጋይ ያሠሯቸው ናቸው። ግንባቸው ዛሬም ጸንቶ ይታያል። ጣሪያቸው ግን ቆርቆሮ በመሆኑ ቀትር ላይ ከሥሩ የሚማሩትን ሕፃናት በሙቀት ያደክማል፤ ማለዳ ለቅዳሴ የሚመጡትን አረጋውያን በብርድ ያንዘፈዝፋል፤ ክረምት ሲገባም የዝናቡ ድምፅ የመምህሩን ቃል ይውጠዋል። ስለዚህ እድሳት በታሰበ ቁጥር «ከቆርቆሮው ሥር የሙቀትና የብርድ መከላከያ እናድርግበት» የሚል አሳብ ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ከተሠራ ሕንጻውን ከመጠበቅ ይልቅ ይጎዳዋል። በዚህ ትምህርት ይህንኑ ቅደም ተከተል ለማሳየት እንሞክራለን።

ይህን የምንጽፈው ከመጻሕፍት ብቻ ተምረን አይደለም። ከዓመታት በፊት በምናገለግልበት ቁምስና የነበረውን አንድ አሮጌ አዳራሽ ለትንሣኤ በዓል ለማድረስ ቸኮልን። በበጋ ወራት ጣሪያው ደርቆ ስላየነው ጤናማ መሰለን። በኮርኒሱ ላይ ጭድ በጆንያ ሞልተን ደለደልን፤ ከሥሩም በችፑድ አሸግነው። ምእመናንም በሥራው ተደሰቱ። በነሐሴ ወር በኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ። በመስከረም አንድ ማለዳ የኮርኒሱ እኩሌታ ወረደ። በሰዓቱ ሰው አልነበረም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ሕፃናት ለትምህርተ ክርስቶስ በዚያው ሥፍራ ይቀመጡ ነበር። ወጥተን ስንመለከት የወራጆቹ ጫፎች ከግንቡ ጋር በሚገናኙበት ቦታ በስብሰው በጣት ይፈረፈሩ ነበር። ብስባሴው የአንድ ክረምት ሥራ አልነበረም። እኛ ሳንመረምር ሸፍነን ከዓይን ሰወርነው፤ ውሃ የጠጣው ጭድም ክብደት ጨመረበት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት በእኛ ተፈጸመ።

ሀ. ጣሪያው የሚሞቀውና የሚበርደው ለምንድን ነው?

ወፍራም የድንጋይ ግንብ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ቀስ በቀስ ሌሊት ይመልሳል። ስስ ቆርቆሮ ግን ሙቀትን አያከማችም፤ አያግድምም። ብረት ከማዕድን ሱፍ ይልቅ ከሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የማዕድን ሱፍ ሙቀትን በማገድ ረገድ በግምት 4 ሜትር ውፍረት ካለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ ጋር ይስተካከላል። የጭድም ሆነ የበግ ሱፍ ኃይል በውስጡ በተያዘው ደረቅና የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ውሃ የአየሩን ቦታ ሲይዝ መከላከያው ኃይሉን ያጣል።

ለ. ሳይዘንብ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ

ብዙዎቻችን ጣሪያን የሚያርሰው ዝናብ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በአዳራሹ የተሰበሰበው ሕዝብ ትንፋሽም እርጥበት አለው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የሚደርስ የውሃ እንፋሎት ሊይዝ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ9 ግራም ብዙ የማይበልጥ ይይዛል። ትርፉ ውሃ ይሆናል። ሰማዩ በጠራበት የብርድ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱም ወደ ላይ ወጥቶ ሲነካው ወደ ጠብታነት ይለወጣል። መከላከያ ሲገባ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት ወደ ቆርቆሮው ስለማይደርስ ቆርቆሮው ከቀድሞው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ እርጥበቱ መውጫ ካላገኘ በጨለማ ውስጥ እንጨቱን ይበላል ማለት ነው።

ሐ. የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ. መመርመር። ጣሪያ የሚመረመረው ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት ከውስጥ ነው። የሚያፈስሰውን ቦታ ምልክት እናድርግበት፤ የወራጆቹንም ጫፎች በስለት ወግተን እንፈትናቸው። የጣሪያው ክዳን አሮጌ የአስቤስቶስ ሰሌዳ ከሆነ ግን አንስበረው፤ አንቁረጠውም። ብናኙ ለሳንባ ካንሰርና ለሌሎች ጽኑ ደዌዎች ስለሚዳርግ ለባለሙያ ይተው።

2ኛ. መጠገንና ማድረቅ። የበሰበሰው እንጨት ይለወጥ፤ አሸንዳው ይጠረግ። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘን አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሲሚንቶው በግንቡ ውስጥ ያለውን እርጥበት መውጫ ያሳጣዋልና። የኖራ ልስን ግን እርጥበቱን ያሳልፋል።

3ኛ. የአየር መንገድ መተው። በቆርቆሮውና በመከላከያው መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ክፍተቱም ከጣሪያው ታችኛ ጠርዝ እስከ ላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ይድረስ። ወፍና አይጥ እንዳይገቡ አፉ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

4ኛ. መከላከያውን ማስገባት። የማዕድን ሱፍ እሳት አይቀጣጠልበትም፤ ሠራተኞቹ ግን ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋቸዋል። ጭድ ርካሽ ነው፤ ይሁን እንጂ እሳትና አይጥን ይጋብዛል። የበግ ሱፍ ከብል መጠበቅ ይኖርበታል። ኮርኒሱ እንፋሎት ወደ ላይ እንዳያሾልክ ስንጥቁ ሁሉ ይደፈን፤ ለክፍሉ አየር ግን መስኮት ይከፈት። በመጨረሻም በየዓመቱ ወጥቶ ለመመልከት የሚያስችል ትንሽ በር በኮርኒሱ ላይ ይተው።

በሥራው ጊዜ ስለ እሳት መጠንቀቅ ይገባል። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የምትገኘው የኖትር ዳም ካቴድራል በእድሳት ላይ ሳለች ጣሪያዋ በእሳት ጋየ። ከመካከለኛው ዘመን የቆየው የእንጨት ማዋቀሪያም በአንድ ሌሊት ጠፋ፤ ተመልሳ የተከፈተችው ከአምስት ዓመታት በኋላ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። የእሳቱ መነሻ በእርግጠኝነት ባይለይም፣ የደረቀ አሮጌ እንጨት ባለበት ጣሪያ ሥር የብየዳ ሥራና ሲጋራ፣ እንዲሁም ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አደጋ መሆናቸው ግልጽ ነው።

የቁምስና ገንዘብ የድኾች መዋጮ ነው። መዋጮው ለሚታየው ኮርኒስ ብቻ ወጥቶ የማይታየው ወራጅ ሲዘነጋ፣ ሁለተኛ መዋጮ መጠየቅ ይመጣል፤ ከዚያም የከፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለሆነም አንድ በዓል በአሮጌ ኮርኒስ ሥር ብናከብር አያሳፍረንም። የምንሸፍነውን ሁሉ አስቀድመን እንየው፤ እርጥብ ሆኖ ካገኘነውም እስኪደርቅ እንታገሥ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የቁምስናችንን ጣሪያ ከውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማን ነው? መቼስ ነበር?
2. እድሳት ስናቅድ ጊዜውን የሚወስነው በዓሉ ነው ወይስ የሕንጻው ሁኔታ?
3. አሸንዳ የመጥረግና ጣሪያ የመመልከት ኃላፊነት በየዓመቱ ለማን ቢሰጥ ይበጃል?