ከብሎኑ በፊት ጥይቱ

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች «እንዴት ይሠራል?» የሚል ጽሑፍ ስናዘጋጅ ለቅደም ተከተሉ ብዙም አንጨነቅም። መጨነቅ ያለብን ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣውን የጀርመኑን ማውዘር እንውሰድ። አንዳንድ አዳኞች ብረቱ በሚቀመጥበት የእንጨቱ ጎድጓዳ ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ አፍስሰው የብረቱን ቅርጽ እንደያዘ ያደርቁታል፤ ብረቱ እንዳይነቃነቅና ተኩሱ ዒላማ እንዳይስት ማለት ነው።

ለጽዳት ሲፈታ መጀመሪያ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል። ጥይቱ ከካዝናውም ከጎረሰበትም ይወጣል፤ ባዶነቱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ከዚያ መቀርቀሪያው ተስቦ ይወጣል። ቀጥሎ ከሥር ያሉት ሁለት ብሎኖች ይፈታሉ፤ ትንንሽ መቆለፊያ ብሎኖች ካሉት እነሱ ይቀድማሉ። ብረቱ ቀጥ ብሎ ይነሳል እንጂ ግራ ቀኝ አይወዛወዝም፤ አለዚያ የደረቀው ሙጫ ጠርዙ ይሸረፋል፣ የተለፋበትም ከንቱ ይሆናል። ሲገጠም ደግሞ ፊተኛው ብሎን አስቀድሞ ይጠብቃል።

አሁን ብሎኑን ከጥይቱ አስቀድመን ጻፍን እንበል። ሰዋስው አልተዛነፈም፣ ፊደል አልተገደፈም። አንባቢው ግን ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድሞ ብሎን መፍታት ይጀምራል። እንግዲህ እኔ የምለው፣ አርትዖት ስንሠራ ከሰረዝና ከነጥብ በፊት «የቱ ይቀድማል?» ብለን እንጠይቅ ነው።