እግራችሁ ወለም ሲል ለመታሸት አትቸኩሉ!



ደባርቅ ስሠራ አንድ ወጣት በቅሎ ነጂ መጣ። በሊማሊሞ ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ወለም ብሎት፣ ማታውኑ ታሽቶ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በማግስቱ ሲደርስ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ደንዝዘዋል። ቶሎ ፈታንለት፤ እግሩ ተረፈ። ራጅ ሲነሳ ግን አጥንቱ ተሰንጥቋል። ለካ የታሸው ስብራቱ ነው!

ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ደግሞ ቁርጭምጭሚትን። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። ወለምታ የምንለው ይሄው ነው። ለዚህ ሰሜን ተራራ መውጣት አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባ ደረጃም ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት፦
1. እግሩን አሳርፉት።
2. በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በየ2 እና 3 ሰዓቱ ለ15–20 ደቂቃ ያዙበት። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይሆናል።
3. በላስቲክ ፋሻ እሰሩት። ጣት ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው አላሉት።
4. ስትተኙ በትራስ ከልብ ከፍ አድርጉት።

ሙቅ ውሃ፣ መጠጥና ማሸት ለጊዜው ይቅር፤ እብጠቱን ያብሳሉ። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ህመም ያለባችሁ ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም አትውሰዱ። ህመሙ ቀለል ሲል ቁርጭምጭሚቱን ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት፤ ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ያደርቀዋል።

ሳትዘገዩ ራጅ መነሳት ያለባችሁ፦
• አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ
• የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲጫኑት በጣም ካመማችሁ
• እግሩ ቅርጹን ከለወጠ ወይም ከደነዘዘ

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ህመሙ ቀላል ቢሆንም ታዩ፤ ነርቭ ከተጎዳ ስብራትም ላይሰማ ይችላል።

ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ተረከዛችሁን የሚወጋችሁስ? ይሄ ወለምታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የውስጥ እግር ጅማት መቆጣት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ባታችሁን አፍታቱ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ ቀይሩ። ወራት ቢፈጅም አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።

ወጌሻን ለመናቅ አይደለም፤ መጀመሪያ ግን አጥንቱ ደህና መሆኑን እንወቅ።

ሼር አድርጉት፤ የአንድ ሰው እግር ሊያተርፍ ይችላል። ጤና ይብዛላችሁ!