የአሮጌ መኪና ሞተር ሽቦ ሶኬት ሲሰበር

በዚህ እትም ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልናወያያችሁ ነው። ነገሩ ትንሽ ይሁን እንጂ መኪና ያስቆማል፤ አንዳንዴም ያቃጥላል። ይኸውም በሞተር ላይ የተዘረጉትን ሽቦዎች እርስ በርስ የሚያገናኘው የፕላስቲክ ሶኬት ነው።

«ለዕጩ መምህር ይህ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ከጋራዥ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡርና ወደ ጉናጋዶ ገጠር ስንወጣ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መኪና አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው። በሽተኛው በእሱ ይመጣል፤ መጽሐፉና ጠመኔው በእሱ ይጫናል፤ ወተቱም ሳይበላሽ ገበያ የሚደርሰው በእሱ ነው። እሱ ከቆመ ሁሉም ቆመ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የኦምን ሕግ ለተማሪ በዓይን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

1. ሶኬቱ ለምን ይሰበራል?

የሞተር ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠቅልለው እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ይህ ጉንጉን በየቦታው እየተከፈለ በሶኬት ይያያዛል። በሶኬቱ ውስጥ ወንዴና ሴቴ የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ጫፎች አሉ። የፕላስቲኩ ሥራ እነዚህን ጫፎች አጥብቆ መያዝና ከውኃ መጠበቅ ነው።

ጠላቶቹ አራት ናቸው። ሙቀት ፕላስቲኩን በዓመታት ብዛት ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መቆለፊያው ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ቅንጥስ ይላል። ንዝረት የላላውን ጫፍ እየፋቀ ያዝገዋል። አቧራ በስንጥቁ ይገባል። ውኃና የባትሪ አሲድ ደግሞ መዳቡን አረንጓዴ ያደርጉታል። የኮረኮንች መንገድ፣ ፀሐይና ድንገተኛ ዝናብ ባለበት አገር እነዚህ አራቱም በአንድ ላይ ይሠራሉ።

2. አንድ ሽቦ ሞተር የሚያቆመው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በላንድ ክሩዘር ላይ የተገጠመውን ዋን-ኤች-ዜድ የተባለውን የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። ሞተሩ 6 ሲሊንደርና 4 ነጥብ 2 ሊትር ነው። በጥንካሬው የታወቀ ሆኖ ሳለ በናፍጣ ፓምፑ ላይ ናፍጣውን የሚዘጋና የሚከፍት አንድ ሶሌኖይድ አለው። ኮረንቲ ሲያገኝ ይከፍታል፤ ሲያጣ በስፕሪንግ ተገፍቶ ይዘጋል። ወደዚህ ሶሌኖይድ የሚሄደው ሽቦ አንድ ብቻ ነው። የዚያ ሽቦ ሶኬት ከላላ ያ ሁሉ ብረት ዝም ይላል። ሾፌሩም «ፓምፑ ሞተ» ብሎ ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ባትሪው 12 ቮልት፣ የሶሌኖይዱ መጠምጠሚያ 12 ኦም ነው እንበል። ሶኬቱ ንጹሕ ከሆነ 12 ለ12 ሲካፈል 1 አምፔር ያልፋል። አሁን ሶኬቱ ዝጎ 6 ኦም ሙግደት ጨመረ። ጠቅላላው 18 ኦም ይሆናል። የሚያልፈው ኮረንቲ 0 ነጥብ 67 አምፔር ገደማ ነው። መጠምጠሚያው የሚደርሰው 8 ቮልት ብቻ ሲሆን የቀረውን 4 ቮልት ሶኬቱ ይበላዋል። የተበላውም የትም አይጠፋም፤ ወደ 2 ነጥብ 7 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሆኖ እዚያችው ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ይቀራል። ሙቀቱ ዝገቱን ያብሳል፤ ዝገቱም ሙቀቱን ይጨምራል። ሶኬት ቀልጦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ጉድለቱን መፈለግ

በመጀመሪያ በዓይን እንይ። የጠቆረ ፕላስቲክ፣ አረንጓዴ ዱቄት፣ የተሰበረ መቆለፊያ እንፈልግ። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ጉንጉኑን በእጅ ቀስ እያደረግን እንነቅንቅ፤ እጅና ልብስ ግን ከቤልቱና ከፋኑ ይራቅ። ስንነቀንቅ ሞተሩ ከተንገራገጨ ቦታው ተገኘ ማለት ነው።

ቴስተር ካለን ኦም ከመለካት ይልቅ ቮልት እንለካ። ምክንያቱም በሽቦው ውስጥ አንድ ክር ብቻ ቢቀር ቴስተሩ ኦሙን «ደኅና ነው» ሊለን ይችላል፤ ሥራ ሲጀመር ግን ያች አንድ ክር አትችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ስለዚህ መሥመሩ ሥራ ላይ እያለ አንዱን የቴስተር ጫፍ ከሶኬቱ ወዲህ፣ ሌላውን ከሶኬቱ ወዲያ እናድርግ። ከ0 ነጥብ 1 ቮልት በታች ካነበብን ሶኬቱ ጤነኛ ነው። ከዚያ እያለፈ ከሄደ መጠርጠር ይገባል።

4. አለዋወጡ

ሀ) ቁልፉን አጥፍተን በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ እንፍታ። ከፖዘቲቩ ብንጀምር መፍቻው የመኪናውን አካል ሲነካ እሳት ይረጫል።

ለ) የሶኬቱን ሥዕል በወረቀት እንሣል። የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለም ከነመሥመሩ እንጻፍ። ሶኬቱን ከፊት ስናየውና ከሽቦው በኩል ስናየው ግራና ቀኙ እንደሚገላበጥ አንርሳ፤ ስለዚህ ከየት በኩል እንደሣልን በሥዕሉ ላይ እናመልክት።

ሐ) ተመሳሳዩን ሶኬት እንፈልግ። አዲስ ካልተገኘ ከወደቀ መኪና ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሽቦ አስቀርቶ መቁረጥ ይቻላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ መገበያያ ነውና ይጠይቅልን። የተሰበረውን ለናሙና መላክ ግን ግድ ነው፤ በቃል ብቻ ከነገርነው ሌላ ይዞ ይመጣል።

መ) የተሰበረው ፕላስቲኩ ብቻ ከሆነ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም። በቀጭን መርፌ ጫፉን የያዘችውን ምላስ ተጭነን ሽቦውን ወደኋላ እንሳብ፤ ከዚያ ወደ አዲሱ ቤት እናስገባው። ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ይገፋል፤ መልሰን ሳብ ስናደርገው መውጣት የለበትም።

ሠ) ሽቦ መቁረጥ ግድ ከሆነ አንድ በአንድ ይሁን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቆርጦ ኋላ ማፈላለግ ጣጣ ነው። መገጣጠሚያዎቹም አንድ ቦታ ላይ አይደራረቡ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበላለጡ። ይህ ጉንጉኑ እንዳያብጥና እርስ በርስ እንዳይነካካ ያደርገዋል።

ረ) ልባሱን 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል እንላጥ፤ የመዳቡ ክር አንድም መቆረጥ የለበትም። መዳቡ ከጠቆረ ጥቁረቱ እስኪያልቅ ወደ ውስጥ እንቁረጥ። ጫፉ ሁለት ጊዜ ይጨመቃል፤ አንዱ ክንፍ መዳቡን፣ ሁለተኛው ክንፍ ልባሱን ይይዛል። ሁለተኛው ንዝረቱን የሚችለው ነው።

ሰ) በቆርቆሮ መበየድስ? ይቻላል፤ ግን ቆርቆሮው ሰርጎ የገባበት ሽቦ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ድርቀቱ ባለቀበት ቦታ ላይ በንዝረት ይቆረጣል። ስለዚህ የበየድነውን በጎኑ ካለው ሽቦ ጋር አስረን እንደግፈው።

ሸ) የምንቀጥለው ሽቦ ከነበረው መቅጠን የለበትም። የነበረው 0 ነጥብ 85 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከሆነ ያው ወይም ወፈር ያለ ይሁን። በናስትሮ ከጠቀለልን በኋላ ከጭስ ማውጫው አርቀን እንሰር። ሞተሩ ሲነሳ ስለሚወዛወዝ ሽቦው አይወጠር። በመጨረሻ ኔጋቲቩን መልሰን እንግጠም፤ ሞተሩን አስነስተን እንደገና እንነቅንቅ።

5. «ዳይሬክት» ስለማድረግ

መንገድ ላይ የተለመደ መላ አለ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥታ ሽቦ ስቦ ሶሌኖይዱ ላይ ማሰር። ሞተሩ ይነሳል፤ እናም ሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሁለት አደጋ አለው። ኮረንቲው በቁልፉ በኩል ስለማያልፍ ቁልፉ ቢዘጋም ሞተሩ አይጠፋም። ሽቦው ፊውዝ ስለሌለው ደግሞ ተፍቆ አካሉን በነካ ጊዜ ግሎ ይቀጣጠላል። በሽተኛ ተጭኖ ሌላ መንገድ ከጠፋ በመሥመሩ ላይ፣ በባትሪው አጠገብ፣ አነስተኛ ፊውዝ ይግባ፤ ለሾፌሩም በግልጽ ይነገረው፤ ከተማ ሲገባም በዚያው ቀን ይስተካከል። ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግር ተለቅ ያለ መተካት ወይም በሽቦ መጠቅለል ፈጽሞ አይገባም። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ጠባቂውን ገድሎ ቤት አይጠበቅም።

6. በክፍል ውስጥ

ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ ላወጣው ሕግ መሠረት የሆኑትን ሙከራዎች ያካሄደው በኮሎኝ ከተማ መምህር ሳለ ነው። እኛም ብዙ ዕቃ አያስፈልገንም። ሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፑል፣ ጥቂት ሽቦና አንድ የዛገ ምስማር ይበቃል። ምስማሩን በመሥመሩ መካከል አስገብተን ሽቦውን በዝገቱ ላይ ብቻ እናስነካ። አምፑሉ ይደክማል፤ ወይም ጨርሶ አይበራም። ያንኑ ቦታ በአሸዋ ወረቀት ፍቀን ደግመን እናስነካ፤ ይበራል። ተማሪዎቹ «ምን ተለወጠ?» ተብለው ይጠየቁ። ባትሪው ያው፣ አምፑሉ ያው፣ ምስማሩም ያው ነው። የተለወጠው መነካኪያው ብቻ ነው። ይህን በእጁ የሞከረ ልጅ አድጎ ሾፌር ቢሆን ፓምፕ ከማስፈታቱ በፊት ሶኬት ያያል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1) በተራ ቁጥር 2 በሰጠነው ምሳሌ የሶኬቱ ሙግደት 12 ኦም ቢደርስ ሶሌኖይዱ ስንት ቮልት ያገኛል?
2) የባትሪው ኔጋቲቭ በመጀመሪያ የሚፈታው፣ በመጨረሻ የሚገጠመው ለምንድን ነው?
3) ሽቦው አንድ ክር ብቻ ሲቀረው የኦም ልኬት የሚያታልለን እንዴት ነው?