ሁለት ጊዜ የሚጽፍ ቁልፍ፦ ሜካኒካል ኪቦርድን ስለ መግዛትና ስለ ማስለወጥ

ሮቤ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ርቀቱን በመግቢያችን የጠቀስነው በዋና ከተማዋ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ሲገኝበት መመለሱ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አንባቢ ከወዲሁ እንዲያስበው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያውን ሜካኒካል ኪቦርድ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ መደብር አስገዝቶ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ሮቤ ድረስ አስመጣ። በሦስተኛው ቀን «ሰላም» ብሎ ቢጽፍ በስክሪኑ ላይ «ሰልላም» ወጣ።

የችግሩን ምንጭ ለመረዳት የዕቃውን አሠራር ማየት ይገባል። በተለመደው ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ከቁልፉ ሥር ያለው የጎማ ጉልላት ሲጨፈለቅ ሁለት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎችን ያገናኛል። በሜካኒካሉ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱ ሞላና የብረት መነካኪያ ያለው ስዊች አለው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀው የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ ኤምኤክስ የተባለ ስዊች፣ በቀይ ዓይነቱ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚመዘገበው ግን 2 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ብዙ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ዕቃ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለውም ቁልፉን እስከ ታች መጫን ስለማያስፈልገውና ሞላው ቶሎ ስለማይዝል ነው።

ሆኖም ብረት ከብረት ሲጋጭ ይነጥራል። ኳስ መሬት ላይ ከመርጋቷ በፊት ደጋግማ እንደምትነጥር ሁሉ፣ ሁለቱ ብረቶችም ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። በኪቦርዱ ውስጥ ያለው አነስተኛ ፕሮሰሰር ይህን ታሳቢ አድርጎ ስለሚሠራ፣ የመጀመሪያውን ግንኙነት ከመዘገበ በኋላ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሰከንድ ለሚያህል ጊዜ የሚከተለውን ችላ ይለዋል። መነካኪያው ከቆሸሸ፣ ከጎበጠ ወይም ሲሠራ ጉድለት ከነበረበት ግን ንጥረቱ ከተመደበለት ጊዜ ያልፋል፤ አንዱ ምትም እንደ ሁለት ይቆጠራል። በስንዴ አጨዳ ወራት ኮምባይነር የሚያስነሣውን አቧራ የሚያውቅ የሮቤ ወይም የጎባ ነዋሪ ኪቦርዱን ማታ ማታ በጨርቅ ቢሸፍን አይፈረድበትም።

ድርብ ምት ለአማርኛ ጸሐፊ ከቀላል መሰላቸት ያለፈ ነው። 33ቱ መሠረታውያን ፊደላት በ7ቱ ቤቶች ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁልፍ መስጠት አይቻልም፤ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የተጋፈጡት ችግርም ይኸው ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር በድምፅ በሚጻፍበት ስልት ተነባቢው ቀድሞ ይመታል፣ አናባቢው ይከተላል። ስለዚህ «ሰላም» 3 ፊደል ሆኖ 5 ምት ይፈልጋል። በአንዳንድ ስልቶች ደግሞ የ«ስ» ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲመታ «ሥ» ይወጣል፤ የማሽኑ ጥፋት የጸሐፊው የፊደል ስሕተት ተደርጎ ይቆጠራል ማለት ነው። በአካባቢያችን በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞም ከዚህ አያመልጥም። «በዳ» በአንድ «ደ» ሲጻፍ መጥፎ፣ በሁለት «ደ» ሲጻፍ ደጋ ማለት ነውና፣ የባሌን ደጋ የሚያወድስ ሰው ቁልፉን መመርመር ይኖርበታል።

ወደ መደብሩ ተደወለ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው በትሕትና አዳምጦ ኪቦርዱ እንዲላክለት ጠየቀ። ከሳምንት በኋላ የሰጠው መልስ «እኛ ጋ ይሠራል» የሚል ነበር። ሃያ ጊዜ ያህል መትቶት ምንም እንዳላየ አስረዳ። ሰውየው አልዋሸም። ቁልፉ ከ50 ምት አንዱን ይደግማል ብንል፣ በ20 ምት ውስጥ ጉድለቱ ፈጽሞ ያለመታየቱ ዕድል 0.98 በራሱ 20 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው 0.67 ነው። ይኸውም ከሦስት ሙከራዎች በሁለቱ ጤነኛ መስሎ ያልፋል ማለት ነው። ምቱ 200 ሲሆን ግን ይህ ዕድል ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል።

ስለዚህ ሠራተኛው ያንኑ ቁልፍ 200 ጊዜ እንዲመታና የወጡትን ፊደላት እንዲቆጥር ተለመነ። ጥያቄው መጀመሪያ አስቆው ነበር። ቆጥሮ ሲጨርስ ግን 203 ሆነበት። በሌላ ኮምፒዩተር ላይም ሞከረው፤ አሁንም ትርፍ ተገኘ። እዚህ ላይ ጣትን ሳያነሡ ሲቆዩ የሚመጣውን ድግግሞሽ ከጉድለት መለየት ያሻል፤ እርሱ የኮምፒዩተሩ አሠራር ሲሆን በዊንዶውስ ከሩብ ሰከንድ ቀደም ብሎ አይጀምርም። ኪቦርዱ ተለወጠ፤ የማመላለሻውን ወጪ የሚሸፍን ግን አልተገኘም።

ሕጉም ከዚህ ዓይነቱ ትክክለኛነት የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ዓይነቱን ገልጾ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ዕቃው ሁለት ጊዜ ተራራ አቋርጦ ሲመላለስ 15 ቀን ብዙ አይደለምና ደረሰኙን መያዝ፣ ምርመራውንም በመጀመሪያው ምሽት መጀመር ያዋጣል።

በእኛ አስተያየት ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖር ገዢ ከሁሉ የሚሻለው ስዊቾቹ ብየዳ ሳያስፈልጋቸው ተነቅለው የሚተኩበት ዓይነት ነው። ጥቂት መለዋወጫ ስዊቾች አብሮ የገዛ ሰው የታመመውን ነቅሎ በደቂቃ ይተካዋል። ቁልፎቹ በሚያበሩት ቀለም መማረክ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይመረጣል።

በተለወጠው ኪቦርድ ላይ 26ቱም የፊደል ቁልፎች 200፣ 200 ጊዜ ተመቱ። ድምሩ 5,200 ምት ነው፤ በሰከንድ 4 ምት ቢታሰብ 22 ደቂቃ አይሞላም። ከጎረቤት ክፍል ምን እየተሠራ እንደሆነ የጠየቀ ሰው ነበር።